ጅብ ከሄደ የሚጮኽ ቱርቦ

መኪናቸው ላይ ትልቅ ቱርቦ ያስገጠሙ ወጣቶቻችን ከሥራ መልስ ማታ ማታ እየደወሉ አንድ ዓይነት ስሞታ ያሰሙኛል፤ «ነዳጅ ስረግጥ መኪናው ዝም ይላል፤ ቆይቶ ባንድ ጊዜ ይፈነጠራል።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ነገሩ የምቾት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ እርጥብ ኩርባ ላይ ዘግይቶ በድንገት የሚደርስ ጉልበት ጎማ ያንሸራትታል፤ ሰውም ይጎዳል።

ቱርቦ በሞተሩ ጭስ የሚሠራ ወናፍ ነው። ትኩሱ ጭስ አንዱን መዘውር ያሽከረክራል፤ በዘንግ የተያያዘው ሌላው መዘውር ደግሞ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። ከዚያ ፍጥነት እስኪደርስ ግን ጊዜ ይወስዳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይምታታሉ። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ጭሱ ስለሚያንስ ቱርቦው ብንጠብቀውም አይነሣም፤ መድኃኒቱ ማርሽ መቀነስ ነው። እውነተኛው መዘግየት ሞተሩ በበቂ ፍጥነት እየዞረ፣ ነዳጅ ከረገጥን በኋላ የምንጠብቀው ጊዜ ነው። ለዚህ ዋናው ተጠያቂ የመዘውሩ መጠን ነው፤ ቅርጹና ብረቱ ሳይለወጥ ስፋቱ በ20 በመቶ ቢጨምር ለማስነሣት የሚያስቸግርበት መጠን ወደ 2.5 እጥፍ ይደርሳል።

ይህንን ሬኖ በተግባር አይቶታል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1977 ፎርሙላ ዋን ውስጥ ያሰለፈው መኪና አንድ ትልቅ ቱርቦ ነበረው። በ1979 መሐንዲሶቹ ትልቁን በሁለት ትናንሽ ተኩት፤ በዚያው ዓመት ዣን ፒየር ዣቡይ ዲዦን ላይ አሸነፈ፤ በፎርሙላ ዋን የመጀመሪያው የቱርቦ ድል ሆነ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የአየር ቱቦዎቹን አስፈትሹ፤ የላላ ማሰሪያ የተጨመቀውን አየር ያፈሳል። ቀጥሎ ከቱርቦው እስከ ሞተሩ ያለውን ቱቦ አሳጥሩ፤ መሞላት ያለበት ባዶ ቦታ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ከቱርቦው በፊት ያለው የጭስ መንገድ ሙቀቱን እንዲይዝ ይሸፈን፤ ሙቀት የመዘውሩ ጉልበት ነውና። ከቱርቦው በኋላ ያለው ደግሞ ሕግ የሚጠይቀው ማጣሪያ ሳይነቀል ሰፋ ይበል። ቱርቦው ራሱ የሚለወጥ ከሆነ፣ ዘንጉ በኳስ ኩሽኔታ ላይ የሚዞር፣ ወይም የሲሊንደሮቹን ጭስ በሁለት ጉሮሮ ለይቶ የሚቀበል ይመረጣል፤ ሁለተኛው ግን ለእሱ የተሠራ የጭስ መሰብሰቢያ ይፈልጋል። የራሊ መኪኖች ነዳጅ ጭስ መንገድ ውስጥ እያቃጠሉ ቱርቦውን ያዞራሉ፤ ይህ ዘዴ ቱርቦውን ቶሎ ስለሚጨርስ ለመንገድ መኪና አይመከርም።

ዴንቨር የምትኖሩ ወገኖች ይህን ሁሉ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ከተማዋ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ይሳሳል፤ ስለዚህ ጭሱም ያንሳል፤ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለመስጠት ይበልጥ መፍጠን አለበት። ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚነዳ ሰው የተስማማ ትልቅ ቱርቦ እዚያ ይለግማል።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ሻጩ ስንት የፈረስ ጉልበት እንደሚሰጥ ሲነግራችሁ፣ በደቂቃ ስንት ዙር ላይ እንደሚነሣ ጠይቁት። በየቀኑ የምትነዱት እዚያ ቁጥር ላይ ካልሆነ፣ የምትከፍሉት ለማትጠቀሙበት ጉልበት ነው። ቸር ይግጠመን።