ስለ መኪና በር ማሸጊያ፤ አያያዙና ንግዱ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆና አድሶ ማቆየት ከቀድሞው ይልቅ ብርቱ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህም የመኪና ዕቃ የሚያስመጡና በሶማሌ ተራ የሚቸረችሩ ነጋዴዎች፣ ትንሽ የሚመስለውን የአንድ ዕቃ ጠባይ ቢያውቁ ይጠቀማሉ።

ይህም ዕቃ ቡቲል የሚባለው ጥቁር ተለጣፊ ማሸጊያ ነው። የበሩ የውስጥ ልባስ በካቻቪቴ ተፈትቶ ሲነሣ፣ ከበስተኋላው ስስ ላስቲክ በብረቱ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። በብዙ መኪኖች ላይ ላስቲኩን ዙሪያውን አጣብቆ የሚይዘው ቡቲል ነው። የቡቲል ጎማ በ1937 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር የተገኘ ሲሆን፣ አየርን አጥብቆ ስለሚይዝ ለመኪና ጎማ ከለመዳሪያ መሥሪያነት ሲያገለግል ኖሯል። ማሸጊያው ለብዙ ዓመታት ሳይደርቅ ተለጣፊ ሆኖ መቆየቱ ጥቅሙም መከራውም ነው፤ እጅን፣ ልብስንና የወንበር ጨርቅን ከነካ በቀላሉ አይለቅም።

በዚህም የተነሣ አንዳንድ ሠራተኛ ተማርሮ ማሸጊያውን ከነላስቲኩ ገንጥሎ ይጥለዋል። ጉዳቱ በበጋ አይታይም። የዝናብ ውሃ በመስተዋቱ ጠርዝ በኩል ወደ በሩ ሆድ መግባቱ የተለመደ ነውና፣ መኪና ሠሪዎች ከበሩ ግርጌ መውረጃ ቀዳዳ አበጅተውለታል። ላስቲኩ ከሌለ ግን ውሃው ወደ መኪናው ውስጥ ይዘልቃል፤ ምንጣፉ ይርሳል፣ ወለሉ ይዝጋል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውም ሊበላሽ ይችላል።

አሠራሩን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ከባድ አይደለም። ቡቲል በሙቀት ይለሰልሳል፣ በብርድ ይጠነክራል፤ ስለዚህ መኪናው ፀሐይ ሳያገኘው በማለዳ ቢፈታ ይሻላል። በብረቱ ላይ የቀረውን ከመፋቅ ይልቅ፣ ከራሱ ከቡቲሉ ድብልብል አበጅቶ በላዩ እየጫኑ ቢያነሡት አብዛኛው ይወጣል። የመጨረሻው እድፍ ነጭ ጋዝ በነካው ጨርቅ፣ ከእሳት ርቆና አየር በሚገባበት ቦታ ይጠረጋል። ከዚያም ቅባት ባለበት ላይ አዲሱ ማሸጊያ ስለማይጣበቅ፣ ብረቱ በሳሙና ታጥቦ ሊደርቅ ይገባል። ቤንዚን ግን ፈጥኖ እሳት ስለሚስብ ፈጽሞ ሊቀርብ አይገባውም።

ለነጋዴው ሁለት ነገር ይበቃዋል። አንደኛው፣ ጥቅሉን ከነመከላከያ ወረቀቱ ቀዝቀዝ ባለና ፀሐይ በማይደርስበት ስፍራ ማኖር ነው። ሁለተኛው፣ ቡቲል ለጠየቀ ደንበኛ ሲሊኮን አለመስጠት ነው። የኮምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን ቀለም የሌለውን ብረት ያዝጋል፤ ከደረቀም በኋላ ላስቲኩን ሳይቀዱ በሩን ዳግመኛ መክፈት ያስቸግራል። ደንበኛው ስሕተቱን የሚያውቀው በሐምሌ ዝናብ ነው፤ ያን ጊዜም የሚወቅሰው ጋራዡን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን የሸጠለትን ሱቅ ጭምር ነው።