የበልግ ዝናብና የሩቁ ሰማይ ሞገድ

በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋዎች የበልግ ዝናብ ጥቂት ቀናት ጥሎ ድንገት ይቋረጣል። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ላይኛው ሰማይ መመልከት ይገባናል።

ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ30 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ቀጣና፣ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ብርቱ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ነፋሱ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል። የሜትዮሮሎጂ ሊቁ ካርል ጉስታፍ ሮስቢ በ1939 እ.ኤ.አ. ያብራሩት ሞገድ ይህ ነው። ሞገዱ ወደ ደቡብ በሚታጠፍበት ስፍራ አየሩ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ይሽከረከራል። ከእጥፋቱ በስተምሥራቅ የላይኛው አየር ሲበተን የታችኛው ሊተካው ይወጣል፤ ቀዝቅዞም ደመና ይሆናል። የአውሮፓ የክረምት ማዕበል የሚወለደው በዚህ መንገድ ነው።

ሀገራችን ከዚያ ቀጣና ውጭ ብትሆንም፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት አንዳንዱ እጥፋት እስከ ቀይ ባሕር አካባቢ ይዘልቃል። ከህንድ ውቅያኖስ ከሚመጣው እርጥብ አየር ጋር ሲገናኝ ዝናብ ይጥላል፤ ሲያልፍ ዝናቡም ያባራል።

ስለሆነም የመጀመሪያው ዝናብ ብቻውን ለዘር አስተማማኝ ምልክት አይደለም። የሰበካ ጉባኤያትና ካህናት አባቶቻችን የኢትዮጵያ ሜትዮሮሎጂ ኢንስቲትዩትን የ10 ቀን ትንበያ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ቢያሰሙ፣ የገበሬው ዘር በከንቱ እንዳይቀር ይረዳሉ።