ርኅራኄ፤ ነፍስ የምታድግበት መንገድ

«ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለው ተረት በአገራችን ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ይህን ተረት የሚናገረው ሰው ሁልጊዜ ክፉ ሰው አይደለም፤ የጓዳውን ጉድለት የሚያውቅ፥ የልጆቹን ቀለብ የሚያስብ፥ ነገን የሚፈራ ሰው ነው። ነገር ግን ተረቱን የኑሮው ሕግ ያደረገ ክርስቲያን ጾሙን ቢጾም፥ ስግደቱንም ቢያበዛ ነፍሱ ባለችበት ቆማ ትቀራለች እንጂ አታድግም። ስለምን እንደማታድግ በዚህ ጽሑፍ በጥቂቱ እናመለክታለን።

በግእዝ ቋንቋ «ርኅርኀ» ማለት ራራ፥ ለሰለሰ ማለት ነው። እንግዲህ ርኅራኄ የልብ መለስለስ ነው፤ ምጽዋት ደግሞ የእጅ ሥራ ነው። ሁለቱ ቢስማሙ መልካም ነው። ነገር ግን ልብ ሳይለሰልስ እጅ ሊዘረጋ ይችላል፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠው ነዳይ ፊቱን እንኳ ሳያይ ሳንቲም ጥሎ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነውና። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ስለ ፍርድ ቀን ባስተማረ ጊዜ፥ በቀኙ የቆሙት ጻድቃን የተራበውን ሲያበሉ፥ የታረዘውን ሲያለብሱ ለእርሱ እንዳደረጉት አላወቁም ነበር። ዋጋውን እየቆጠሩ አልሰጡም። ራስን የረሳ ርኅራኄ ምልክቱ ይህ ነው።

ቅዳሴው በቤተ ክርስቲያናችን ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ የሆነው ቅዱስ ባስልዮስ ይህን በሥራ አሳይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ368 ዓ.ም. ገደማ በቂሣርያ ዘቀጰዶቅያ ረኃብ በጸና ጊዜ፥ ባለጠጎች ጎተራቸውን እንዲከፍቱ በስብከቱ ገሠጻቸው። ራሱም ወገቡን ታጥቆ ረኃብተኞችን አስተናገደ። ኋላም ከከተማው ውጭ ለድኆች፥ ለእንግዶችና ለሕሙማን ማረፊያ ሠራ። ሊቅነቱ ከወጥ ቤት አላራቀውም።

ምናልባት አንባቢ «እርሱ ቅዱስ ነው፤ እኛ ግን ባለ ትዳሮች ነን» ይል ይሆናል። ስለዚህ በዘመናችን ከኖሩት መካከል የወይዘሮ አበበች ጎበናን ታሪክ እናስታውስ። በሰሜን ሸዋ ገጠር ተወልደው አባታቸው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ስለ ሞቱ በአያቶቻቸው ዘንድ አደጉ። በልጅነታቸው ያለ ፈቃዳቸው ቢዳሩ ጠፍተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ተምረውም ሥራ ያዙ፥ ትዳርም መሠረቱ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ወረዱ። አገሩን ረኃብ መትቶት ነበር። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ብቻ ቢሆንም እርሱኑ ለተራቡት አካፈሉ፤ ወላጅ የሌላቸውን ሁለት ሕፃናትም ይዘው ተመለሱ። በረከት ለመቀበል የሄዱ ሴት በረከቱን በሁለት ሕፃናት አምሳል ተሸክመው ገቡ ማለት ይቻላል።

አንድ ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው የተሰበሰቡት ሕፃናት 21 ደረሱ። በዚህ ጊዜ ባለቤታቸው ከትዳሩና ከሕፃናቱ አንዱን እንዲመርጡ ጠየቋቸው። የባለቤታቸውን ሥጋት ማንም በችኮላ ሊነቅፍ አይገባውም፤ የቤት አባወራ ሁሉ እንዲህ ያለ ሸክም በድንገት ቢመጣበት ይጨነቃል። ወይዘሮ አበበች ግን ሕፃናቱን መልሰው መንገድ ላይ መጣል አልቻሉም። ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር በደሳሳ ጎጆ ተቀመጡ። ርኅራኄ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑ የተገለጠው በግሸን መንገድ ሳይሆን በዚያች ጎጆ ውስጥ ነበር። ዳቦ መቁረስ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ልጅ ማሳደግ ግን የዕድሜ ሙሉ ሥራ ነውና።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ሥራቸው በስማቸው በተጠራ ማኅበር ሕጋዊ ሆነ። ማኅበሩ ልጆቹን በማብላት ብቻ አልተወሰነም፤ አስተማረ፥ የእጅ ሙያም አስያዘ፥ ችግረኞች እናቶችንም ረዳ። ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ የነፍስን እድገት በደረጃ እናያለን። መጀመሪያው ማየት ነው፤ በዚያ መንገድ ብዙዎች አልፈዋል። ሁለተኛው ከትርፍ ሳይሆን ከስንቅ መስጠት ነው። ሦስተኛው መጽናት ነው፤ የሚያመሰግን ሰው በሌለበት፥ ወዳጅም በተለየ ጊዜ አለመመለስ። አራተኛው ጥበብ ነው፤ የተረዳው ሰው ዘወትር እጁን ዘርግቶ እንዳይኖር በእግሩ እንዲቆም ማድረግ። በእነዚህ ደረጃዎች የወጣች ነፍስ ከፍርሃትዋ ትፈታለች። «ነገ ምን እበላለሁ?» የሚለው ጭንቀት «ነገ እነዚህ ምን ይበላሉ?» ወደሚል አሳብ ይለወጣልና፥ ሰው ለራሱ ከመጨነቅ የሚያርፈው በዚህ ነው።

ሁላችንም ቤታችንን ትተን እንድንወጣ አልታዘዝንም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ለቤተ ሰቡ የማያስበውን ሰው ወቅሷል። ሆኖም በየቤታችን የምንጀምረው አለ። በጾም ቀን የቀረው የምሳ ወጪ ወደ ሌላ ጉዳይ ከሚዞር ለችግረኛ ይቀመጥ። ምጽዋቱን አባት ብቻ አይስጥ፤ ሕፃኑም በገዛ እጁ ይስጥ፥ የነዳዩንም ስም ጠይቆ ይወቅ። ስሙን ያወቅነውን ሰው እንደ ድንጋይ አልፈነው መሄድ ያስቸግረናል። ጎረቤት የታመመ እንደ ሆነ ከልጆቻችን ጋር እንጠይቀው። በማኅበርና በሰንበቴ ቀንም ዝክሩ ለማኅበርተኛው ብቻ ሳይሆን ለደጅ ጠኚውም ይድረስ።

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፥ ልጆቻችን ጸሎት የሚማሩት ከአፋችን ነው፤ ርኅራኄን የሚማሩት ግን ከእጃችን ነው። እንግዲህ እጃችን የሚያስተምራቸውን እናስብበት። የርኅራኄ አምላክ ልባችንን ያለስልስልን።