ከኒካህ ምስክርነት ያስነሳሁት ሰው

ረመዳን በገባ በሦስተኛው ሌሊት ተራዊህ ተሰግዶ ሰዉ ሲወጣ አንድ ሰው ምሰሶው ሥር ቀርቶ ጠበቀኝ። በጭሮ የጫት ገበያ ጭነት የሚጭንና የሚያወርድ ነው። በሻዕባን ወር ለጎረቤቱ ልጅ ኒካህ ምስክር ሊሆን ከተቀመጠበት «ሌላ ሰው ይምጣ» ብዬ ያስነሳሁት እሱን ነበር። ምክንያቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። በእርሻ ወሰን ጠብ ሰው አቁስሎ አራት ዓመት ታስሯል። ከወጣ ግን ሰባት ዓመት አልፎታል።

«ሼኽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለኝ። «ለኒካህ ካልሆንኩ ለምርጫ ካርድም አልሆንም ማለት ነው?»

በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ሚስቱ ሄዳ ስትመርጥ እሱ ቤት ቀርቷል። ማንም መዝጋቢ አልመለሰውም፤ ሊመዘገብ አልሄደምና። «የታሰረ ሰው አይመርጥም» ሲባል ሰምቶ አመነ። ይህን ወሬ እኔም ከምዕሶ እስከ ሂርና፣ ከበዴሳ እስከ ገለምሶ ሰምቼዋለሁ፤ እውነት ነው ወይ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።

በማግስቱ ከአስር ሶላት በኋላ ከጀመዓችን አንድ ጠበቃ ይዤ ጠየቅሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ዜጋ ድምፅ የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። መብቱን ማጣት ከእስራት ጋር አብሮ የሚመጣ ነገር አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 123 ለዳኛው ሥልጣን ይሰጠዋል፤ ጥፋተኛው በጥፋቱ ለመብቱ የማይገባ ሆኖ ከተገኘ ዳኛው ሊሽረው ይችላል። የሚገርመው፣ ድምፅ መስጠትና ለሰነድ ምስክር መሆን እዚያው አንድ ቦታ ላይ አብረው ተጽፈዋል። ሰውየው ሁለቱን ያገናኘው ሕግ አንብቦ አልነበረም።

እገዳው ጊዜያዊ ከሆነ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ከእስር ከወጣ በኋላ ነው። እንግዲህ ዳኛው ለዘለቄታው ብሎ ካልፈረደበት በቀር፣ በዚህ ሰው ላይ እገዳ ተጥሎ ቢሆን እንኳ ካበቃ ቆይቷል።

ጠበቃው ከዚህም ያለፈ ነገር ነገረኝ። ሕጉ «መሰየም» የሚለው አለ። በጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌላ ቅጣት የተቀጣ ደግሞ ቢያንስ 2 ዓመት ካለፈው፣ ጠባዩ ያማረ ከሆነና ጉዳቱንም በአቅሙ ከካሰ፣ ፍርዱ እንዲሰረዝለት ማመልከት ይችላል። ከተሰየመ በኋላ በድሮ ጥፋቱ የነቀፈው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «እውነት ነው የተናገርኩት» ማለትም አያድነውም። ከተማችንን አሰበ ተፈሪ ማለት ትተን ጭሮ ስንላት ስንት ጊዜያችን ነው፤ የዚህን ሰው የድሮ ስም ግን አልለቀቅንለትም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝ ግን የራሴ ኪታብ ነው። በደረሳነቴ የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ ቀርቻለሁ፤ በዚህ አገር የሻፊዒ ፊቅህ የሚቀራው በእሱ ነው። ስለ ምስክርነት በሚናገረው ክፍል፣ አጥፍቶ ተውበት ያደረገ ሰው መታረሙ እስኪታይ ይጠበቃል፤ አብዛኞቹ የመዝሀቡ ሊቃውንት ይህን በአንድ ዓመት ገምተውታል። አንድ ዓመት! እኔ ሰባት ዓመት አልበቃኝም። ቁርኣን ምስክርነቱ እንዳይወሰድ በግልጽ የከለከለው ንጹሕ ሴትን በዝሙት የወነጀለውን ሰው ነው፤ ወዲያው ግን ተውበት ያደረጉትንና ያስተካከሉትን ለይቶ ያወጣል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ኃጢአቱ ይነሳለታል እንጂ ምስክርነቱ አይመለስም ብለዋል። ሻፊዒ፣ ማሊክና አሕመድ ግን ምስክርነቱም ይመለሳል ባዮች ናቸው። ይህን ለልጆች አስቀራለሁ።

የሰው ሐቅ መመለስ የተውበት መስፈርት መሆኑ እውነት ነው። እሱ ግን ይህንንም ፈጽሟል፤ በጃርሳ ቢያ ፊት ካሳ ከፍሎ ታርቋል። ያቆሰለው ሰው በሰርጉም በለቅሶውም አብሮት ይቀመጣል። ያልተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ካሳው ዕዳ ሆኖበት ተውበት ያደረገ ሌላ ሰው በሰፈራችሁ ካለ፣ ባለዕዳ ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንቱ ወገኖች አንዱ መሆኑን በዚህ ወር አስቡ።

በአሥረኛው ቀን እቤቱ ሄጄ አብሬው አፈጠርኩ፤ አፉ እንዲለኝም ለመንኩት። ቴምሩን ወደኔ ገፋ አደረገና «አላህ አፉ ይበለን» አለ። ስለ ምርጫው የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። ካርድ ለማውጣት እንደሚሄድ የተናገረችው ግን ሚስቱ ናት።

ለመሰየሙ ማመልከቻ የሚቀርበው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። የውሳኔው ግልባጭ ጠፍቶበት የመዝገብ ቁጥሩን እያፈላለግን ነው። ከዒድ በኋላ የእህቱ ልጅ ኒካህ አለ፤ ምስክር ሆኖ እንዲቀመጥ ጠይቄዋለሁ። እስካሁን እሺ አላለኝም።