መጥሪያው በስልክ ሲመጣ

አሜሪካን አገር ዜግነት ያገኙ ወገኖቻችን ለጁሪ ሊጠሩ ይችላሉ፤ የፌዴራሉ ፍርድ ቤቶችም መጠይቁን በኢንተርኔት ያስሞላሉ። በአቡ ዳቢ የዳኝነት መምሪያ ሥር ባሉት የአቡ ዳቢና የአል ዓይን ፍርድ ቤቶች ግን ጁሪ የለም፤ እንደ ሀገር ቤቱ ሁሉ ፈራጁ ዳኛ ነው። ይሁን እንጂ ወረቀቱ እዚህም ወደ ኢንተርኔት ገብቷል። በወገናችን ዘንድ መልእክቱን የሚጠባበቀው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙ የቀረበት ሠራተኛ ነው።

እኛ የሕክምና ተማሪዎች እንጂ ጠበቆች አይደለንም። ሆኖም «እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ» እየተባለ ስልክ ተይዞ ይመጣብናል። አንዲት እኅታችን የዐረብኛ መልእክት ማስታወቂያ መስሏት ሰንብታ ስናስነብበው መጥሪያ ሆኖ ተገኘ፤ ቀጠሮውም አልፏል።

ስለዚህ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት መጥሪያ በስልክ መልእክት፣ በኢሜይል ወይም በሚቀዳ የስልክ ጥሪ ሊደርስ ይችላል። መልእክተኛ በር እስኪያንኳኳ መጠበቅ ዋጋ የለውም። ሲም ካርድ የለወጠ አዲሱን ቁጥር ያስመዝግብ። በደላላ ቁጥር የተከፈተ አቤቱታ መልሱም የሚሄደው ወደ ደላላው ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኛ በቀጥታ ፍርድ ቤት አይሄድም፤ አስቀድሞ ለሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስቴር ያመለክታል። እ.ኤ.አ. ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ከ50,000 ድርሃም የማይበልጠውን ክርክር ሚኒስቴሩ ራሱ ሊወስን ይችላል፤ ቅር የተሰኘ ወገን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት ይወስደዋል። ከ100,000 ድርሃም ያልበለጠ የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም፤ «ለፍርድ ቤቱ ነው» ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ቢኖር ለኪሱ ነው። የቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የራሳቸው ሕግ አላቸው፤ እነርሱም የሚጀምሩት ከሚኒስቴሩ ነው።

ኢንተርኔቱን አንጠላውም። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ቅጽ ለማስገባት የዕረፍት ቀን መለመን አይኖርባትም። የሚከብደው ቋንቋው ነው። የዳኝነት መምሪያው እ.ኤ.አ. በ2019 ከዐረብኛና ከእንግሊዝኛ ቀጥሎ ሂንዲን የሠራተኛ ክስ ቅጾች ሦስተኛ ቋንቋ አድርጓል፤ ደግ አደረገ። አማርኛ በዚያ ውሳኔ አልገባም።

እስከዚያው ዐረብኛ የምታነቡ አባሎቻችን ሦስት ቃላት በዐረብኛው ፊደል በወረቀት ጽፋችሁ ለምታውቋቸው ሠራተኞች ስጡልን፤ በመልካቸው ይለዩአቸው። «ኢዕላን» ማስታወቂያ ወይም መጥሪያ ነው፣ «ጀልሳ» ችሎት ነው፣ «ሁክም» ፍርድ ነው። ከሦስቱ አንዱ ስልካቸው ላይ ከታየ በዚያው ዕለት ለሚያነብ ሰው ያሳዩ።