ካሜራ ከመግዛት በፊት፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት

ባለፈው ተርም የትምህርት ቤታችን የፎቶ ክበብ ሲቋቋም ከተማሪዎቻችን በብዛት የሰማነው ጥያቄ «ቲቸር፣ የትኛው ካሜራ ነው የሚሻለው?» የሚል ነበር። እኛም ነገሩ የዕቃ ጉዳይ ብቻ መስሎን ስለ ሌንስና ስለ ሜጋፒክሰል ስናስረዳ ከረምን። ኋላ ግን አንድ ነገር ገጠመንና አካሄዳችንን እንድንቀይር አስገደደን።

የክበቡ ልጆች ያነሷቸውን ፎቶዎች የክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፈን ወላጆችን ጋብዘን ነበር። ከፎቶዎቹ አንዱ ውሃ ወረፋ ላይ የቆሙ እናትን የሚያሳይ ሲሆን በጣም ያማረ ነበር። ሁላችንም ወደድነው። ከልጆቹ አንዱም በስልኩ ለጓደኞቹ ላከው። በሁለተኛው ቀን እኚያ እናት መጡ። አልጮኹም፣ አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ እኔ እኮ እዚህ መሆኔን እንዲያውቁ የማልፈልጋቸው ሰዎች አሉ» አሉን። ፎቶውን ወዲያው አወረድነው። ከግድግዳ ማውረድ ቀላል ነው። ከሰው ስልክ ላይ ግን ማን ያወርደዋል? እስከ ዛሬ የት እንደደረሰ አናውቅም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ሦስት ነገሮች እንነጋገራለን፤ ዕቃውን ስለ መምረጥ፣ ራሳችንን ስለ መጠበቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የምናነሳውን ሰው ስለ መጠበቅ።

«ውጭ አገር» ለኛ ምን ማለት ነው?

ስለ ፎቶ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ውጭ አገር ስትሄዱ» ብለው ምክር ይሰጣሉ። እኛ ግን ውጭ አገር ነው የምንኖረው። ቱሪስት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ካሜራውን አንግቶ አገሩ ይመለሳል፤ ችግር ቢገጥመው ኤምባሲው ጋ ይደውላል። ስደተኛ ግን ከኤምባሲው ራሱ የሸሸ ሊሆን ይችላል። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ከተቋቋመ ጀምሮ የሱዳን፣ የደቡብ ሱዳን፣ የሶማሊያ፣ የኮንጎ፣ የቡሩንዲ፣ የኢትዮጵያና የሌላም አገር ሰው ጎን ለጎን የሚኖርበት ቦታ ነው። ጎረቤታችን ከማን እንደሸሸ አናውቅም። ደግሞም ቱርካናዎች የአገሩ ባለቤቶች ናቸው፣ እኛ እንግዶች ነን። ካሜራ ስናነሳ ይህን ሁሉ ማስታወስ አለብን።

ዕቃውን ስንመርጥ

በመጽሔት ላይ የሚወደሰው ካሜራ ሁሉ ለካኩማ አይሆንም። እዚህ ሙቀት አለ፣ አቧራ አለ፣ መብራት እንደልብ የለም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። የት ቻርጅ እናደርገዋለን? ከአቧራ እንዴት እናድነዋለን? ይዘነው ስንሄድ የሰው ዓይን ይስባል ወይ?

ለጀማሪ በእጁ ያለው ስማርትፎን ይበቃዋል። 8 ሜጋፒክሰል ያለው ፎቶ ኤ4 ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ይታተማል፤ ስለዚህ በቁጥሩ አንታለል። በስልክ ሲነሳ ሁለት ነገር ብቻ ልብ እንበል። አንደኛ፣ ስክሪኑን በጣት እየለጠጥን ስናቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ስልኩ ፎቶውን ቆርጦ ነው የሚያሳድገው፤ ከዚያ ይልቅ በእግራችን ጠጋ ማለት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ሌንሷ ላይ የጣት ቅባት ካለ ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጠረግ ማድረግ ነው።

ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ ካለ ደግሞ ሁለት ዓይነት ያገኛል፤ ውስጡ መስተዋት ያለውና መስተዋት የሌለው። መስተዋት የሌለው አዲስና ቀላል ነው፣ ነገር ግን ሁሉን ነገር በስክሪን ስለሚያሳይ ባትሪ ቶሎ ይጨርሳል። መስተዋት ያለው ከበድ ይላል፣ ግን በመስተዋቱ በኩል በቀጥታ ስለምናይ ባትሪው ብዙ ይቆያል፤ አሮጌውም በርካሽ ይገኛል። ቻርጅ ለማድረግ ከፍለን ወይም የሶላር ተራ ጠብቀን ለምንኖር ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ካሜራ ያገኘ ሰው ደግሞ አይናቀው፤ ድንጋዩ ሱቅ ይገኛል።

ሌንስን በተመለከተ አንድ ይበቃል እንላለን። ሌንስ በተቀየረ ቁጥር አቧራ ውስጥ ይገባል፣ የገባውም ሴንሰሩ ላይ ተቀምጦ በፎቶው ሁሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ለብዙ ሥራ ይሆናል። የክፍላችን ውስጥ ጨለማ ካስቸገረ ግን ኤፍ 1.8 የሆነ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ከርካሾቹ ሌንሶች አንዱ ነው። ይህ ሌንስ ኤፍ 5.6 ላይ ከተከፈተ ሌንስ ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ያለ ፍላሽ ለማንሳት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለሙቀቱም መላ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ካሜራዎች እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዲሠሩ ነው የሚሠሩት፤ የሊትየም ባትሪም ከ45 ዲግሪ በላይ ባለ ሙቀት ቻርጅ ቢደረግ ይበላሻል። ቀትር ላይ የቆርቆሮ ቤት ውስጡ ምን እንደሚመስል ለናንተ አንነግራችሁም። ባትሪውን በማለዳ ወይም ጥላ ስር ቻርጅ አድርጉ፤ ያበጠ ባትሪ ካያችሁ ከካሜራው አውጥታችሁ አትጠቀሙበት። ለፎቶውም ቢሆን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። የቀትር ፀሐይ የሰው ዓይን ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል።

አቧራን በነጠላ ጫፍ ወይም በሸሚዝ መጥረግ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። አሸዋው ሌንሱን ይቧጭረዋል። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ ንፉ፣ ቀጥሎ በለስላሳ ብሩሽ፣ በመጨረሻ በሌንስ ጨርቅ ጥረጉ። በአፍ አትንፉ፣ ምራቅ ይረጫል። ማታ ማታ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ብታስቀምጡት ከብዙ ቦርሳ ይሻላል።

ያገለገለ ካሜራ ስትገዙ ሦስት ነገር ፈትሹ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው፣ ተዉት። ነጭ ግድግዳ ኤፍ 16 ላይ አንሱና ጥቁር ነጥብ ካለ እዩ። ባትሪው ማበጡን ዳስሱ። ከዚያ ደግሞ የካሜራው ተከታታይ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ሻጩ ሱቅ ባይኖረውም በእጁ ጽፎ ይፈርምላችሁ። አንድ ቀን «ይህን ከየት አመጣኸው?» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም።

ራሳችንን ስንጠብቅ

ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በ1984 ኮረም ላይ የቀረጸው ፊልም፣ ከቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ ጋር ሆኖ፣ የኢትዮጵያን ረሃብ ለዓለም አሳይቷል። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ፍንዳታን ሲዘግብ ግራ እጁን አጣ፤ አብሮት የነበረው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ደግሞ ሕይወቱ አለፈ። ብዙ ዓመት የሠራና ቦታውን የሚያውቅ ባለሙያ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ምን እንባላለን? እሳት፣ ጠብ ወይም ተኩስ ካለ መጀመሪያ መሸሽ ነው። ፎቶ ይቅር።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ደንቦች በክበባችን አጥብቀን እንይዛለን።

ፖሊስ ጣቢያ፣ የጦር ሠራዊት ቦታ፣ ድንበርና የአውሮፕላን ማረፊያ አናነሳም። በኬንያ በሕግ የተከለሉ ቦታዎች አሉ፤ ምልክት ባይኖርም «አላወቅኩም» ማለት አያድንም። የድርጅት ቢሮና የእህል ማደያም ቢሆን ከኃላፊው ፈቃድ ሳንጠይቅ አናነሳም። ድሮን ደግሞ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ማብረር በኬንያ ክልክል ነው፤ ዘመድ ቢልክላችሁም እንዳታነሱት።

መታወቂያችንን ሳንይዝ ካሜራ ይዘን አንወጣም። ከካምፕ ውጪ ስንሄድ የጉዞ ፈቃዳችን ከኛ ጋር ይሁን። ሁለት ሆነን እንሄዳለን፤ አንዱ ያነሳል፣ አንዱ ዙሪያውን ያያል። በካሜራው ዓይኑን የሸፈነ ሰው ከኋላው የሚመጣ ቦዳቦዳ አያይም። ማንገቻውን በአንገት ሳይሆን በትከሻ አግድም እናድርግ፤ የካሜራውን ስም በጥቁር ፕላስተር መሸፈንም ይረዳል። ከመሸ በኋላ ካሜራ ይዞ መዞር የለም።

ፖሊስ ወይም ዘበኛ ካስቆመን ካሜራውን ዝቅ አድርገን ሰላምታ እንሰጣለን። አንሮጥም፣ አንከራከርም፣ በችኮላም ማጥፋት አንጀምርም፤ የሚደብቅ ሰው ያስመስላል። ማን እንደሆንን፣ የየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆንን ረጋ ብለን እንናገራለን። ነገሩ ካልበረደ ትምህርት ቤቱ እንዲጠራልን እንጠይቃለን።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። የታራች ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ለፎቶ ያምራል። እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ እንኳ ራቅ ያለ ቦታ የዘነበ ዝናብ በድንገት ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። በዝናብ ወቅት ወንዙ ውስጥ ቆማችሁ አታንሱ።

የምናነሳውን ሰው ስንጠብቅ

ወደ እኚያ እናት እንመለስ። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ እንዲያውም እሳቸውን አክብሮ ነው ያነሳው። ያልጠየቀው ነገር ግን አንድ ብቻ ነበር፤ «ፎቶው የት እንደሚታይ ልንገርዎት?» የሚለውን። አሁን በክበባችን ማንኛውም ልጅ ከማንሳቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል። ላንሳዎት? የማነሳው ለዚህ ነው፤ ይስማማሉ? የሚታየው እዚህ ቦታ ነው፤ ችግር ያመጣብዎታል? አንዱን እንኳ «አይ» ካሉ ምስጋና አቅርቦ መሄድ ነው። ቆሞ መለማመጥ የለም። ሰው አፍሮ «እሺ» ሲል ፊቱ ላይ ይታወቃል።

ቋንቋ ካልተገናኘን በስዋሂሊ «ናኦምባ ኩኩፒጋ ፒቻ» ማለት «ፎቶ ላንሳዎት እለምናለሁ» ነው። ቱርካናን ሰው «ኤጆካ» ብላችሁ መጀመሪያ ሰላም በሉት። «ሃፓና» ካሏችሁ አይሆንም ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ገንዘብ ይጠይቃል፤ ይህ ነውር አይደለም፣ ስንት ጊዜ ተነስቶ ፎቶውን ያላየ ሰው ነው። ከሰጣችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ፎቶውን አሳትሞ መልሶ መስጠት ነው።

ልጆችን በተመለከተ የልጁ «እሺ» ብቻውን አይበቃም። ማንነትን የሚያሳይ ፎቶ የግል መረጃ ነው፤ ኬንያም እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣችው የመረጃ ጥበቃ ሕግ የልጅን መረጃ ለመጠቀም የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ እኛን መምህራንንም ይመለከታል።

ፊት አለማሳየት ብቻውንም ሰውን አይደብቅም። ከጀርባ የተነሳ ሰው በልብሱ፣ በጠባሳው፣ በሩ ላይ በተጻፈው የብሎክ ቁጥር ይታወቃል። ስለዚህ ከኋላው ያለውን ነገር ደህና አድርጋችሁ እዩ። እጅ ሲሠራ፣ ጀበና፣ ጥላ፣ ጫማ፤ እነዚህም ብዙ ይናገራሉ። በተጨማሪ ስልካችን ፎቶው የተነሳበትን ቦታ በፎቶው ፋይል ውስጥ መዝግቦ ሊያስቀምጥ ይችላል። የካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቦታ የሚመዘግበውን አጥፉት። ሰውየው ስሙም ሆነ ካምፑ እንዳይታወቅ ከፈለገ ከፎቶው ስር አትጻፉ። ሜሞሪ ካርዱንም እንደ ደብተር ለሰው አታውሱ፤ ውስጡ ያለው የናንተ ብቻ አይደለም።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ለተማሪዎቻችን ጥያቄ አሁን የምንሰጠው መልስ አጭር ነው። ቻርጅ የምታደርጉት፣ የምትሸከሙት፣ ቢጠፋ ቤተሰባችሁን ዕዳ ውስጥ የማይከት ካሜራ ይሻላል። ክበባችንም የመረጠው አንድ ያገለገለ ካሜራ፣ አንድ ሌንስና ሁለት ባትሪ ነው። ካሜራውን የሚወስድ ልጅ በመዝገብ ይፈርማል፤ በመዝገቡ ላይ ከካሜራው ቁጥር ቀጥሎ «ማንን አነሳህ? ፈቀዱ? የት ይታያል?» የሚል ቦታ አለ። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ነው እንዴ?» ብለው ቀልደውብን ነበር። አሁን ሳይሞሉ የሚመልሱት ጥቂት ናቸው።

እኚያን እናት አሁንም ውሃ ወረፋ ላይ እናገኛቸዋለን። ሰላም ይሉናል። እኛ ግን ያንን ፎቶ ያላጠፋ ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ዛሬውኑ እንዲያጠፋልን፣ የላከለት ሰው ካለም እንዲነግረው በትሕትና እንለምናለን።

ጥያቄ ወይም አስተያየት ያላችሁ ወላጆችና ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን ቢሮ ብታገኙን ደስ ይለናል።