ለሸክላ አንበሳ የሱፍ ኮፍያ

በታኅሣሥና በጥር የአዘዞ ቀን ፀሐይ ነው፤ ሌሊቱ ግን ጋቢ ደርቦ ያስተኛል። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ጎንደርን አልፎ በዳባት በኩል ደባርቅ የወጣ ሰው 2850 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ እዚያ የበጋ ማለዳ ሣሩን ውርጭ ለብሶ ያገኘዋል። በዚህ ወቅት ሕፃን ይጠቀለላል፣ ሽማግሌ በርኖሱን ይደርባል። በረንዳ ላይ ለተቀመጠ የሸክላ አንበሳ ወይም አበባ መደብ ዳር ለቆመች የሲሚንቶ ወፍ ግን ልብስ የሚያስብ የለም። እዚህ የማስተዋውቀው የእጅ ሥራ የሚያስበው ለእነዚህ ነው። ለግቢ ጌጥ የሚሆኑ ቅርጾችን ትንንሽ የሱፍ ኮፍያ፣ የአንገት ልብስ፣ አንዳንዴም ካባ ሠርቶ ማልበስ ነው። ማንንም ከብርድ አያድንም፣ ገበያም የለውም። ደስ ስለሚል ይሠራል፤ ለእኔ ይህ በቂ ምክንያት ነው።

ልማዱ ብዙ አገር አለ። ጀርመን ውስጥ በቱሪንጊያ ግዛት የምትገኘው ግሬፈንሮዳ ጢማም ድንክ ሽማግሌዎችን ከሸክላ እየሠራች ታወቀች፤ ቀይ ሾጣጣ ቆባቸው ግን አብሮ የተጋገረ ሸክላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ሰር ቻርልስ አይሻም የሚባሉ እንግሊዛዊ ባላባት እንዲህ ያሉ ድንኮችን ከጀርመን አምጥተው ላምፖርት በሚባለው ርስታቸው ግቢ አቆሟቸው፤ ከእነዚያ መካከል አንዱ ዛሬም አለ። በእንግሊዝ ከተሞች የሹራብ ሠሪዎች ማኅበራት ሌሊት ወጥተው የቀይ ፖስታ ሣጥኖችን አናት በሱፍ ኮፍያና በሱፍ አሻንጉሊት ሸፍነው ይመለሳሉ። በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደጃፍ ላይ የሚቆም የሲሚንቶ ዝይ እንደ ወቅቱ ልብስ ይለወጥለታል፤ ለዝናብ የዝናብ ካፖርት፣ ለገና ቀይ ቆብ ይደረግለታል።

ከሁሉም ባለ ብዙ ልብሱ ብራስልስ ያለው የነሐስ ልጅ ማኔከን ፒስ ነው። ቁመቱ ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥ፣ ልብሱ ግን ከሺህ በላይ ነው። ልብስ እንደተሰጠው የሚታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1698 ጀምሮ ሲሆን፣ በ1747 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ የላኩለት ልብስ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2017 ለልብሶቹ ብቻ የሚሆን ሙዚየም ከፈተችለት።

ድንጋይ ማልበስ ሁልጊዜ ጨዋታ አይደለም። ጃፓን ውስጥ ጂዞ የሚባሉ የድንጋይ ምስሎች በየመንገዱ ዳርና በየቤተ መቅደሱ ግቢ ተደርድረው ይታያሉ። ጂዞ ሳይወለዱ ወይም በሕፃንነታቸው የሞቱ ልጆች ጠባቂ ነው ተብሎ ይታመናል። ልጅ የሞተባቸው እናቶችና አባቶች ቀይ የሱፍ ኮፍያ ሠርተው ያደርጉለታል፣ አንገቱ ላይ የሕፃን መሐረብ ያስሩለታል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሐውልት ለምን ይለብሳል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ቀላል መልስ መስጠት ትቻለሁ። ሱፉ ቢያንስ የሠራው ሰው እጅ ያን ያህል ሰዓት ስለዚያ ምስል ሲያስብ እንደነበር ያሳያል።

እኛም ብንሆን ዕቃ ማልበስ አዲስ አይሆንብንም። የኪሮሽ ሙያ ያላት እናት ባለችበት ቤት ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ዳንቴል ለብሰው፣ የሶፋው ራስጌና ክንዱም ተሸፍኖ ይገኛል። አቧራ ይከላከላል ይባላል፤ እውነትም ይከላከላል። ነገር ግን ለአቧራ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተራ ጨርቅ ይበቃ ነበር፤ ዳርቻው ላይ ያ ሁሉ አበባና ቅጠል ባላስፈለገው። ሙያውን የሴት ብቻ አድርጎ የሚያየው ሰውም እስር ቤቶቻችንን ያስብ። በደርግ ዘመን ከርቸሌ የታሰሩ ብዙ ወንዶች ጊዜያቸውን የገፉት ሹራብ በመሥራት ነበር፤ እስረኛ የሠራው ሹራብና ኮፍያ ዛሬም ከማረሚያ ቤቶች ይወጣል።

አዘዞ ለዚህ ሥራ የምትመች ከተማ ናት። ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ መተማና ወደ ጎንደር የሚወስዱት መንገዶች የሚገናኙት እዚህ ነው። የግቢ ማስዋብ ታሪክም አላት፤ በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስ የተባለውን ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ከነአትክልቱና ከነመዋኛው ያሠሩት እዚሁ አዘዞ ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የሰሜኑ መንገድ ነው፤ ለኮፍያው የሚያስፈልጉት ሁለቱም ነገሮች፣ ሱፉም ሸክላውም፣ የሚመጡት በእሱ ነውና።

መጀመሪያ ሱፉ። የሰሜን ተራሮች በግ ብርዱን የሚቋቋመው ከረጅሙ ፀጉር ሥር ባለው ጥቅጥቅ ያለ ሱፍ ነው። ደገኛው ይህን ሸልቶ፣ አፍታቶ፣ በእንዝርት ፈትሎ ለሸማኔ ይሰጣል፤ ባና፣ ዝተትና በርኖስ የሚወጣው ከዚያ ነው። በተራሮቹ ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ዳር እረኞች የሱፍ ኮፍያ ለጎብኚ ሲሸጡ ይታያሉ። ሆኖም የደጋው ፈትል በአብዛኛው ወደ ሸማኔ እንጂ ወደ ሹራብ ሠሪ አይሄድም፤ ሹራብ የሚሠራ ሰው ከሱቅ የፋብሪካ ክር ይገዛል። ምክንያቱ ይገባኛል። የእኛ በግ ፀጉር ሸካራ ነው፤ አንገት ላይ ሲያርፍ ይኮሰኩሳል፣ ልጅ ካለበሱት ያለቅሳል። ሸክላ ግን አይኮሰኩሰውም። ሰው የማይፈልገው ይህ ወፍራምና ጠጉራም ፈትል ለግቢ ቅርጽ ከማንኛውም ክር ይበልጣል። ቅርጹን ይይዛል፣ በጥቂት ቀለበት ብዙ ቦታ ይሸፍናል፣ ተፈጥሯዊ ቀለሙም ነጭ፣ ቡናማና ጥቁር ስለሆነ ማቅለም ሳያስፈልግ ባለ ሸንተረር ኮፍያ ይወጣዋል።

ሸክላው ከወለቃ ነው። ወለቃ ከጎንደር ወጣ እንዳሉ ደባርቅ መንገድ ላይ የምትገኝ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች፤ ሴቶቿ በሸክላ፣ ወንዶቿ በቀጥቃጭነትና በሽመና የታወቁ ነበሩ። ማሰሮውንና ጀበናውን በየቤቱ እየተጠቀመ ሠሪዎቹን ቡዳ ብሎ ያገለለ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው የኖሩት፤ ይህን ሳይናገሩ የወለቃን ሸክላ ማድነቅ ተገቢ አይመስለኝም። ጎብኚ ሲበዛ ሴቶቹ ከማሰሮ ጎን ትንንሽ ምስሎችን መሥራት ጀመሩ። አንበሳ፣ ወፍ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ ከእጃቸው ወጡ። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ከ14 ሺህ በላይ ሰው ተጓጓዘ። ሥራው ግን በመንደሩ በቀሩና በኋላ በሰፈሩ ሴቶች እጅ ቀጠለ። ባለፉት ዓመታት በኮሮና ወረርሽኝና በአካባቢው ጦርነት ምክንያት የጎብኚው ቁጥር ሲቀንስ የምስሎቹም ገበያ ቀዘቀዘ። ለጎብኚ ተብለው የተሠሩት አንበሶች በእኛ በረንዳና በእኛ አበባ መደብ ላይ ለምን እንደማይቀመጡ አይገባኝም። ዋጋቸው አያስደነግጥም፣ በውበት ደግሞ የሲሚንቶ አንበሳ አያህላቸውም።

አሁን ወደ ሥራው። ሹራብ ከሽመና የሚለየው በአንድ ክር መሠራቱ ነው። ሸማኔ ድርና ማግ ያስፈልገዋል፤ ሹራብ ሠሪ ግን በሁለት መርፌ አንዱን ክር በራሱ ቀለበት ውስጥ እያሾለከ ይሄዳል። ቀለበቱ ሲሳብ ይረዝማል፣ ሲለቁት ይመለሳል፤ ሹራብ የሚለጠጠው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለሸክላ ራስ የሚሠራ ኮፍያ ከራሱ ልክ ትንሽ መጥበብ አለበት። ልኩን የጠበቀ ኮፍያ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይወልቃል።

የወለቃው አንበሳ ራስ ዙሪያ በክር ሲለካ 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ኮፍያው 16 ላይ ይታቀዳል። ከዚያ በፊት ግን በዚያው ክርና በዚያው መርፌ ትንሽ መሞከሪያ ሠርቶ በአንድ ሳንቲ ሜትር ስንት ቀለበት እንደሚገባ መቁጠር ያስፈልጋል። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ የሚያፈርሰው ሰውም ያው ነው። ወፍራም የደጋ ፈትል በሳንቲ ሜትር ሁለት ቀለበት ገደማ ይይዛል፤ ስለዚህ በ32 ቀለበት ይጀመራል። የመጀመሪያዎቹ አራት ወይም አምስት ረድፎች አንዱ ቀለበት ወደ ፊት፣ ቀጣዩ ወደ ኋላ እየተደረገ ይሠራሉ፤ ይህ አሠራር ጠርዙን እንደ ላስቲክ ያደርገዋልና ራሱን አጥብቆ ይይዛል።

ፈተናው ጆሮው ላይ ነው። የሰው ኮፍያ ጆሮ ይሸፍናል፤ የአንበሳ ጆሮ ግን ወደ ላይ የቆመ ስለሆነ ቀዳዳ ይፈልጋል። በሁለት ቦታ አራት አራት ቀለበት ይዘጋና፣ በሚቀጥለው ረድፍ እዚያው ላይ አራት አራት አዲስ ቀለበት ይጨመራል፤ ልክ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ። የት እንደሚዘጋ የሚነግር መጽሐፍ የለም፤ ምክንያቱም በእጅ የተሠራ አንበሳ አንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። የአንዱ ግራ ጆሮ ከቀኙ ዝቅ ይላል፣ የሌላው ግንባር ሰፊ ነው። ኮፍያ ሠሪው ሸክላውን በእጁ አገላብጦ፣ በጣቱ ዳብሶ፣ ሠሪዋ አውራ ጣቷን የጫነችበትን ጉድጓድ ሳይቀር አይቶ መጀመር አለበት። እኔ ይህን ሥራ የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ለሰው የሚሠራ ሹራብ ልክ ታውቆለታል፣ ስሕተቱም ያሳስባል፤ እዚህ ግን እጅ ያለ ፍርሃት ይሞክራል። ቀዳዳ ማውጣት፣ ማጥበብ፣ ማስፋት፣ ቀለም መቀየር ሁሉ በአንድ ትንሽ ራስ ላይ ይለመዳል።

ከጆሮው በላይ ማጥበብ ይጀመራል። በየሁለት ረድፉ ስምንት ስምንት ቀለበት ጥንድ ጥንድ ተደርጎ ይቀነሳል፤ 32 የነበረው 24፣ ከዚያ 16፣ በመጨረሻም 8 ይሆናል። በቀሩት ስምንት ቀለበቶች ውስጥ ክሩ በሙሉ አልፎ ሲሳብ አናቱ ይዘጋል፤ ከኋላ በመርፌ ይሰፋል። አናቱ ላይ የክር ዘርፍ ማንጠልጠል የባለቤቱ ምርጫ ነው። እኔ አንጠለጥላለሁ። የአንገት ልብሱ ከዚህ ሁሉ ይቀላል፤ በስምንት ቀለበት ጀምሮ አንገቱን ዞሮ እስኪታሰር ድረስ ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። ሥራውን ለልጅ ለማስተማርም ከዚህ መጀመር ይሻላል።

ሁሉንም ነገር ማልበስ ግን አይገባም። ጎንደር ፒያሳ ያለው የዐፄ ቴዎድሮስ ሐውልት የሕዝብ መታሰቢያ ነው፣ የመቃብር ሐውልትም የቤተሰብ ኀዘን ነው፤ ሱፍ ይዞ ወደ እነሱ መሄድ ነውር ነው። ይህ ሥራ ቦታው የራስ ግቢ፣ የራስ በረንዳ፣ ቢበዛ የፈቀደ ጎረቤት አጥር ነው። ጋማው በጥንቃቄ በመስመር የተጫረበት አንበሳ ቢገኝ ደግሞ ኮፍያውን ትቶ የአንገት ልብስ ብቻ ማድረግ ይሻላል። የሸክላ ሠሪዋ እጅ ያረፈበትን ቦታ መሸፈን ሥራዋን ማክበር አይደለም።

ክረምት ሲገባ ልብሱ ይወልቃል። የወለቃ ሸክላ በጭስና በግልጽ እሳት የተጠበሰ ስለሆነ ውኃ ይመጥጣል፤ የረጠበ ሱፍ ቀን ከሌሊት ተጣብቆበት ከከረመ ያሻግተዋል፣ ይፈረፍረዋልም። ሱፉም በሙቅ ውኃ ከታሸ ተኮማትሮ ይጠጥራል፤ ለብ ባለ ውኃ ሳይፈተግ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ ተጨምቆ፣ ጥላ ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። ብል እንዳይበላው በደንብ ከደረቀ በኋላ ታስሮ ይቀመጣል። ሰኔ ላይ አንበሳው ራሱ ወደ በረንዳው ውስጠኛ ጥግ ይገባል፤ ኮፍያው ከኅዳር በፊት አይፈለግም።